ብረቱን አታስተካክሉት

ሶካን፣ ማለትም የትሪኒዳድን የካርኒቫል ጭፈራ ሙዚቃ፣ ከኤሌክትሮኒክ የዳንስ ሙዚቃ ጋር የሚያዋህድ ዘፈን ልሠራ ስነሣ ምክር ያልሰጠኝ ሰው አልነበረም። ስለ ማይክሮፎን፣ ስለ ሶፍትዌር፣ ስለ ማስታወቂያ ሁሉም አወራኝ። ገንዘቤንና እንቅልፌን የበላውን ነገር ግን አንድም ሰው አላነሣውም፦ ሚክሲንግ (የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሃድ) የሚሠራው ባለሙያ የምት መሣሪያዎቹን ጊዜ እንዳይነካ አስቀድሞ በውል ማሰር።

የምኖረው ቶሮንቶ ነው፤ በአበሻ ሠርጎች ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1967 ጀምሮ በየበጋው በሚካሄደው የካሪቢያን ካርኒቫል ላይ ከጭነት መኪናዎቹ የሚወርደውን ሶካ በሰማሁ ቁጥር እጄን ይበላኝ ነበር። ዜማው አላስቸገረኝም። ግጥሙም የፓርቲ ግጥም ነው፤ እጅ ይነሣል፣ ወገብ ይወዛወዛል፣ ነገ ሥራ የለም። ዘፋኟ የትሪኒዳድ ልጅ ናት፤ ግማሹን ስንኝ ቀይራ አሳመረችው። ቤዙንና ሲንተሳይዘሩን ቤቴ ቁጭ ብዬ ሠራሁ።

ሶካና ሃውስ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ላይ ላዩን ሲታዩ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም የእግር ከበሮውን በአንድ ባር (በአንድ የአራት ምት ዙር) ውስጥ አራት ጊዜ እኩል ይመታሉ። ፈጣኑ ሶካ በደቂቃ 160 ምት አካባቢ ሲሮጥ ሃውስ ከ120 እስከ 130 ባለው ውስጥ ይሄዳል። እኔ 126 ላይ አሳረፍኩት። የሶካ ነፍስ ግን የእግር ከበሮው ላይ አይደለችም። በአንድ ባር ውስጥ እስከ ስምንት እኩል ቁጠሩ፤ ስኔሩ (በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ከበሮ) አራተኛውና ሰባተኛው ላይ ያርፋል። ስምንቱ የሚከፈለው ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ሆኖ ነው። በዚያ ላይ ብረቱ ይመጣል።

ብረቱ የአሮጌ መኪና የፍሬን ታምቡር ነው። የመቱልኝ ሰው ስቲልፓን የሚባለውን የብረት የዜማ መሣሪያ በሚጫወቱ ባንዶች ውስጥ ያረጁ ትሪኒዳዳዊ ሽማግሌ ናቸው። ታምቡሩን ስፖንጅ ላይ አጋድመው በሁለት አጫጭር የብረት ዘንጎች ሲመቱት ቀኝ እጃቸው ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ግራው ትንሽ ዘግይቶ ይገባል። ጆሮ የማይለየው፣ ወገብ ግን የሚለየው መዘግየት ነው።

ሚክሲንጉን ስም ላለው ባለሙያ ሰጠሁ። ሥራው ሲመለስ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ቤዙ ደረት ይመታል፣ ግን ማንም ከወንበሩ አይነሣም። ምን እንደጎደለ ግራ ገባኝ። በመጨረሻ ከመጀመሪያው ቀረጻ ጋር ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳየው፣ የግራ እጁ ምቶች በሙሉ ወደፊት ተስበው የኮምፒውተሩ የምት መስመር ላይ ተተክለዋል። ይህም አልበቃ ብሎት የእግር ከበሮው በመታ ቁጥር ሌላው ድምፅ ሁሉ ዝቅ እንዲል አድርጓል። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ለሲንተሳይዘር ያምርበታል። ብረቱን ግን በእያንዳንዱ ባር አራት ጊዜ ያንቀዋል።

ደወልኩለት። «ሰውየው ጊዜ አይጠብቁም ነበር፤ በነጻ አስተካከልኩልህ» አለኝ። በነጻ! የዘፋኟን ድምፅ አሳምሮት ስለነበር ክፍሎቹን ለየብቻ እንዲልክልኝ ስጠይቀው ደግሞ «ያ ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ ክፍያ አለው» አለ። ከዚያ በኋላ ኢሜይል ብልክ መልስ የለም፣ ስልክ ብደውል አይነሣም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሽማግሌው ሲሰሙት ግማሽ ሳይደርሱ ማዳመጫውን አወለቁ። «ይህ እኔ አይደለሁም» አሉ። ኮምፒውተር ጠልተው እንዳይመስላችሁ። ትሪኒዳዳዊው ዘፋኝ ሎርድ ሾርቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዶላክ የሚባለውን የትሪኒዳድ ሕንዳውያን ከበሮ ካሊፕሶ ከሚባለው የቆየ የደሴቲቱ ዘፈን ጋር ሲያዋህድ ሶካ ራሱ ከቅይጥ ተወለደ፤ ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ያስቆጣቸው ሌላ ነው። በ1880ዎቹ የእንግሊዝ አስተዳደር በትሪኒዳድ ከበሮ ሲከለክል ሕዝቡ ቀርከሃ ቆርጦ መሬት እየደበደበ ጨፈረ፤ ከቀርከሃው ቀጥሎ ቆርቆሮና ብረት፣ ከዚያም ከነዳጅ በርሜል የተሠራው ስቲልፓን መጣ። «ገዥዎቹ ያልቻሉትን ያንተ ሰው በአንድ ቁልፍ ጨረሰው» አሉኝ። ምን እላለሁ?

ጥሬው ቀረጻ እጄ ላይ ስለነበር ሚክሲንጉን ራሴ ሠራሁት፣ እኮራበታለሁም። የማስተማሪያ ቪዲዮዎቹ በሙሉ ከእግር ከበሮው ጀምሩ ይላሉ። አትስሟቸው፤ ከብረቱ ጀምሩ። ሶፍትዌሩ ሰውየው የሚመታበትን ስልት አጥንቶ ሲንተሳይዘሩን በዚያው ልክ ማዘግየት ይችላል፤ ማሽኑ ሰውን ይከተል። ዘፈኑ ተወጥሮ ቤዙ ከመፈንዳቱ በፊት ያሉትን ሁለት ባሮች ለብረቱ ብቻ ተውኳቸው። ሰው የሚጮኸው እዚያ ላይ ነው።

እንደ ስፖቲፋይ ያሉ ዘፈን በኢንተርኔት የሚያሰሙ ድርጅቶች ድምፁን ማይነስ 14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) አካባቢ አድርጉ ይላሉ። ለካርኒቫል መኪና የሠራችሁት ከሆነ ከዚያ በላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ ከፊት ያለው መኪና ይውጣችኋል። እነሱ እንደሆነ ሲያሰሙት ራሳቸው ይቀንሱታል።

ድርሻን በተመለከተ፣ በልማዱ ምት የመታ ሰው የቀን ክፍያውን ተቀብሎ ይሸኛል፤ የድርሰት ድርሻ የዜማና የግጥም ነው ይባላል። እኔ ለሽማግሌው ከዘፋኟና ከራሴ ጋር እኩል ጽፌ አስመዘገብኩ። ሞኝነት ነው ያሉኝ አሉ፤ ብረቱን አውጥተው ዘፈኑን ይስሙትና ያውሩኝ።

ለማስተሪንግ ባለሙያው (ከሚክሲንግ በኋላ ዘፈኑን ለሕዝብ የሚያሰናዳው ሰው) ያዘጋጀሁት ውል ላይ «የማንኛውም ምት ጊዜ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይቀየርም፤ ቀሪው ክፍያ ፋይሎቹ በሙሉ ከተረከቡ በኋላ ይፈጸማል» የሚል መስመር አስገባሁ። የሚደርሰው ሁሉም ድምፅ ተዋሕዶ ያለቀ አንድ ፋይል ስለሆነ፣ ብረቱን ለብቻው ልንካው ቢል እንኳ አይመቸውም። አንብቦ ሳቀብኝና ፈረመ።