ያስቀረኋት ግማሽ ዓረፍተ ነገር

የምኖረው ሚኒሶታ ነው፣ ሴንት ፖል። እንጀራዬ ማስተርጎም ነው። ሆስፒታል እጠራለሁ፣ ትምህርት ቤት እጠራለሁ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2025 እንደገባ ነው፣ ብርዱ ገና አልለቀቀም። የግዛቱ ምክር ቤት ውስጥ ስለ ራስን መከላከል አንድ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር። እዚህ አገር "ስታንድ ዩር ግራውንድ" ይሉታል፣ ቦታህን አትልቀቅ እንደማለት። በኛው ሰው አፍ "የሽጉጡ ሕግ" ሆኖ ቀረ። ጋዝ ስቴሽን ያለው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ሌሊት ኡበር የሚነዳው ሁሉ ስለሱ ያወራል። አንድ ድርጅት ጠበቃ ጋብዞ ሰው ሰበሰበ፤ እኔን ደግሞ እንዳስተረጉም ጠራኝ።

አዳራሹ ሞላ። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ የመጡ ነበሩ፣ የደንብ ልብሳቸውን እንኳ ያልቀየሩ። ጠበቃዋ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን ትፈጥናለች። አሁን ያለውን ሕግ ማስረዳት ጀመረች። ከቤትህ ውጭ ሰው ቢያጠቃህ፣ ለሞት የሚያደርስ ኃይል ከመጠቀምህ በፊት፣ የሚቻል ከሆነ ከቦታው ገለል ማለት አለብህ። የገዛ ቤትህ ውስጥ ይህ ግዴታ የለብህም። ረቂቁ የፈለገው ከቤት ውጭም ግዴታው እንዲነሳ ነው። ነገሩ ይኸው ነበር።

እኔ ግን ማይኩን ይዤ ምን አልኩ? "ሕጉ መጀመሪያ ሽሽ ይልሃል።"

አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ጋዝ ስቴሽን አላቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። "እንዴት ነው ነገሩ? ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ሱቅ ጥዬ ልሽሽ? ለሌባ ጀርባዬን ልስጥ?" አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጭብጨባው ቀለጠ። ከኋላ አንዱ "ይለፍልን በቃ!" ብሎ ጮኸ። ጠበቃዋ ምን እንደተፈጠረ ግራ ገብቷት እኔን ታየኛለች።

አማርኛ ተናጋሪ ለሆነ ሰው "ሽሽ" ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በፉከራና በሽለላ ያደገ ሕዝብ ፊት ያቺን ቃል ስትጥል ሕግ እያስረዳህ አይደለህም፣ እየሰደብከው ነው። ሰውየው የተቆጡት በሚኒሶታ ሕግ አልነበረም። በኔ ቃል ነበር።

ከፊት ወንበር ላይ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ የደረቡ እናት እጃቸውን አወጡ። ነርሲንግ ሆም ዘመናቸውን የሠሩ ናቸው፣ እንግሊዝኛውን አሳምረው ይሰማሉ። "ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "አንድ ነገር አስቀርተሃል። የሚቻል ከሆነ ብላለች እኮ።"

ማስታወሻዬን አየሁት። ወደ ውጭ የሚያመለክት ቀስት አለ። ከቀስቱ በላይ ደግሞ በክብ ውስጥ "ከ" የምትል ፊደል። "ከሆነ" ለሚል ቅድመ ሁኔታ የምጠቀምባት የራሴ ምልክት ናት። ጽፌያታለሁ! ቀስቱን አንብቤ ፊደሏን ዘልያታለሁ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

በሙያችን ስትሳሳት እንዲህ ነው የሚባለው፦ "አስተርጓሚው የራሱን ስህተት ማረም ይፈልጋል።" ለጠበቃዋ በእንግሊዝኛ፣ ለሰዉ በአማርኛ አልኩት። ከዚያ እንደገና ጀመርኩ። ሽሽ የሚለውን ትቼ "ገለል ማለት" አልኩ። መውጫ ከሌለህ፣ ወይም ስትወጣ የባሰ የምትጎዳ ከሆነ፣ ሕጉ ሂድ አይልህም አልኩ። ጠበቃዋ አንድ ነገር ጨመረችበት። ራሴን ስከላከል ነው ያልክ እንደሆነ፣ አይደለም ብሎ በቂ ጥርጣሬ በማያስቀር መንገድ የማስረዳቱ ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው። ይህቺን ሲሰሙ ጋሼ ተቀመጡ።

ላቤ ገና ሳይደርቅ አንድ ወጣት ጠየቀ። ሌሊት ብቻውን ካሸር ላይ የሚቆም ልጅ ነው። "ባልተኩስስ? እንዲፈራ ብቻ ሽጉጡን ባሳየውስ?"

ጥያቄው ከልቡ ነበር፣ ብዙዎቻችንም ያው ነው የምናስበው። ጠበቃዋ በ2024 ክረምት የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠውን ውሳኔ ነገረችው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ባቡር መጠበቂያ ላይ አንድ ሰው በቢላ ሲዛትበት ገጀራ ይመዝዛል። ማንንም አልመታም። ፍርድ ቤቱ ግን መሣሪያ መዝዞ ለማስፈራራትም ቢሆን፣ የሚቻል ከሆነ መጀመሪያ ገለል ማለት ነበረብህ አለ። ረቂቁን የደገፉትም ይህን ውሳኔ እያነሡ ነበር የሚከራከሩት።

ያኔ እያንዳንዷን ቃል እንደ ብርጭቆ ነው የያዝኳት። "ማሳየት"ና "መዛት"፣ "መተኮስ"ና "መደገን" ቢምታቱብኝ፣ ያ ልጅ አንድ ሌሊት የኔን ስህተት ይዞ ፍርድ ቤት ሊቆም ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነገርኩት። ቀና ብሎ "ገባኝ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ውይይቱ ሌላ ሆነ። ጋሼ ሐሳባቸውን አልለወጡም። "ያ ሰው በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ነው የሚወስነው" አሉ። "ዳኛውና ጁሪው ሞቅ ያለ ቤት ቁጭ ብለው ለሳምንታት ያመዛዝኑታል።" እውነት አላቸው፤ ይህን ክርክር ቀላል የሚያደርግ ሰው ሌሊት ጋዝ ስቴሽን ቆሞ አያውቅም። እኚያ እናት ደግሞ የፍሎሪዳን አነሡ። ፍሎሪዳ ይህን ሕግ ያወጣችው በ2005 ነው። በ2018 ክሊርዋተር ከተማ አንድ ሱቅ ደጃፍ፣ በአካል ጉዳተኞች ፓርኪንግ የተነሣ ጭቅጭቅ የሰው ሕይወት አጠፋ። ሟቹ ጥቁር ነው፣ የ28 ዓመት ወጣት። ሸሪፉ ሕጉን ጠቅሶ ተኳሹን ሳያስር ቆየ። ሰውየው በኋላ ተከሶ በ2019 የ20 ዓመት እስር ተፈረደበት። "ሟች ግን ላይመለስ ሄዷል" አሉ እናታችን። "እኛም ጥቁር ነን፣ አነጋገራችንም ይለያል። ማንን ነው ቀድመው የሚፈሩት? እኛን አይደለም?"

አስተርጓሚ አዳራሽ ውስጥ አስተያየት የለውም፤ ዝም አልኩ። እዚህ ግን እናገራለሁ። እኔ ከእናታችን ጋር ነኝ። "የሚቻል ከሆነ" የምትለዋ ሐረግ ከማንም የማይችለውን አትጠይቅም። እሷ ስትወጣ አብሮ የሚወጣው ያቺ አንዲት "ቆይ እስቲ" የምንልባት ቅጽበት ናት። እዚሁ ሚኒሶታ እንዲህ ያለ ረቂቅ በ2012 ሁለቱንም ምክር ቤቶች አልፎ ገዥው ማርክ ዴይተን ውድቅ አድርገውታል። ያኔ ከተቃወሙት መካከል የፖሊስ ማኅበራት ነበሩበት። መሣሪያ በየቀኑ ታጥቀው የሚውሉ ሰዎች እንዲህ ሲሉ እሰማቸዋለሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጋሼ "በአገራችን ቢሆን ማን ሽሽ ይለኝ ነበር?" ብለው ነበርና በኛ አቆጣጠር የ1996ቱን የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከፈትኩት። አንቀጽ 78፣ ሕጋዊ መከላከል። ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት ይላል፤ መከላከሉም ተመጣጣኝ። በሌላ መንገድ! ያቺው ሐረግ፣ በገዛ ቋንቋችን። አስቀድሜ አንብቤው ቢሆን ቃሉን ከዚያ እወስደው ነበር። አሁን ከየትኛውም የሕግ ስብሰባ በፊት የአገራችንን ሕግ አማርኛ አያለሁ።

ረቂቁ በዚያው ሰሞን ለተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ቀርቦ የሚያስፈልገውን 68 ድምፅ ሳያገኝ ቀረ። ክርክሩ ግን የሚያልቅ አይመስለኝም፣ ይመለሳል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነዳጅ ልቀዳ ጋሼ ዘንድ ጎራ አልኩ። ሒሳብ ስከፍል ከካሸሩ ጀርባ በር እንዳለ አየሁ። ስንቴ ተመላልሼ በሩን አላውቀውም ነበር፣ ሁልጊዜ የለስላሳ ካርቶን ተደርድሮበት ነውና። አሁን ካርቶኑ ተነሥቷል። ወለሉ ላይ የቆየበት ምልክት ይታያል።

ጋሼ ዓይኔን ተከትለው በሩን አዩት። "ሕጉ ቢያልፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁንም" አሉኝ። "ግን ሌሊት እዚህ የሚቆመው የእህቴ ልጅ ነው።"