ሰብታይትሉ የሚውጠው

የቻይናን የጥንት ዘመን ምናባዊ ድራማ ጀምሮ ሦስተኛው ክፍል ላይ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ስማቸው ይመሳሰላል፣ ማን ማን እንደሆነ አይያዝም።» እውነት ነው፣ አይያዝም። ጥፋቱ ግን የስሞቹ ሳይሆን ከሥር የሚያልፈው የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ነው፤ ግማሹን ነገር ይውጠዋል። የሚያስቀው ደግሞ፣ ከሚውጠው ውስጥ አብዛኛውን አማርኛ ተናጋሪ ያለ አስረጂ የሚረዳው መሆኑ ነው። ማን ማንን በየትኛው ስም ጠራ? ማን አንቱታውን ትቶ አንተ አለ? እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው።

ለጀማሪ «ቸን ቺንግ ሊንግ» ይሻላል እላለሁ። በእንግሊዝኛ «ዘ አንቴምድ» ተብሎ የወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተላለፈው ባለ 50 ክፍል ድራማ ነው። ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ከባድ ነው። ግን የስሙን ነገር እዚህ የለመደ ሰው ሌላ ቦታ አይቸገርም።

ዝምተኛው ባለ ነጭ ልብስ ሲወለድ የወጣለት ስም ላን ጃን ነው። ለአቅመ አዳም ሲደርስ የሚሰጠው የአክብሮት ስም ዋንግጂ። በሥራው ያገኘው የማዕረግ መጠሪያ ሃንጉዋንግ-ጁን። አፈኛው ጓደኛው ደግሞ ዌይ ዪንግ፤ የአክብሮት ስሙ ዉሺየን፤ ሰው ሲፈራው ዪሊንግ ላኦዙ። ሰው ሁለት፣ ስም ስድስት። የውጭ ተመልካች እዚህ ላይ ይደናገራል። የዳግማዊ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ የቴዎድሮስን አባ ታጠቅ ሲሰማ ላደገ ሰው ግን ምን ይገርማል? የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ የፈረስ ስም እያልን የኖርን ነን።

ሕጉ ይህ ነው። በትውልድ ስም የሚጠራህ ወላጅህ፣ መምህርህ ወይም ሥጋህን ያህል የቀረበህ ሰው ነው። እኩያ በአክብሮት ስም ይጠራሃል። ታናሽና ባዳ በማዕረግ ስም። ከዚህ ውጪ በትውልድ ስም መጥራት ወይ ንቀት ነው ወይ ቅርበት። በድራማው ውስጥ ትልልቁ ሰው ሳይቀር ሃንጉዋንግ-ጁን ወይም ላን ዋንግጂ ሲል፣ ዌይ ዉሺየን በአደባባይ «ላን ጃን! ላን ጃን!» እያለ ይጮኻል። መጀመሪያ ላይ ይህ ብልግና ነው። አሥር ክፍል ቆይቶ ብልግና መሆኑ ያበቃል፤ መቼ እንዳበቃ የሚናገር ግን ማንም የለም። ይህን ያልያዘ ሰው ሁለት ወጣቶች ሲጠራሩ ብቻ ነው የሚሰማው።

ስሙ እስኪለመድ ድረስ ልብሱን መያዝ ይቀላል። የላን ቤተሰብ ነጭና ፈዛዛ ሰማያዊ ለብሶ ግንባሩ ላይ ጥብጣብ ያስራል፤ ጥብጣቡን ባዕድ ሰው አይነካውም፣ ይህን ለኋላ መያዝ ነው። የጂያንግ ቤተሰብ ሐምራዊ፣ ምልክቱ የሎተስ አበባ። የጂን ቤተሰብ ወርቃማ፣ ግንባር ላይ ቀይ ነጥብ። የኒየ ቤተሰብ የሚታወቀው በሰይፍ ሳይሆን በጎራዴ ነው። የዌን ቤተሰብ ቀይና ፀሐይ። በአንድ ወረቀት ላይ አምስት መስመር ጽፎ አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሌላው ወጥመድ የታሪኩ አሠራር ነው። ድራማው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፦ ዌይ ዉሺየን ይሞታል፣ ከ16 ዓመት በኋላ በሌላ ሰው ስም ይመለሳል። ከዚያ ወደ ኋላ ይሄድና ወደ 30 ክፍል ገደማ የድሮውን ይተርካል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ለመረዳት መታገል ከንቱ ድካም ነው። ዝም ብሎ አይቶ ማለፍ፤ ታሪኩ ወደ አሁን ሲመለስ እነዚያኑ ሁለት ክፍሎች ደግሞ ማየት። ያን ጊዜ አንድ የዋሽንት ዜማ ሰምቶ እጅ የሚይዝ ሰው ለምን እንደያዘ ይገባል።

ወደ አጠራሩ ልመለስ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። በአንድ መምህር ሥር የሚማሩ ሁሉ እንደ ወንድምና እህት ይቆጠራሉ። ታላቅ ወንድም ሺሽዮንግ፣ ታላቅ እህት ሺጂዬ፣ ታናሽ ወንድም ሺዲ፣ ታናሽ እህት ሺሜይ። ታላቅነቱ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በዕድሜ ሳይሆን ቀድሞ በመግባት ነው፤ ስለዚህ ጢም ያወጣ ሰው ልጅ እግሩን ሺሽዮንግ ሲል ስህተት አይደለም። አሁን ጂያንግ የንሊ የምትባለውን ልጅ ተመልከቱ። ወንድሟ ጂያንግ ቸንግ «አጂዬ» ይላታል፣ እህት ዓለም እንደማለት። አብሯቸው ያደገው ዌይ ዉሺየን ግን «ሺጂዬ» ነው የሚላት። በአንድ ገበታ የሎተስ ሥር ሾርባ እየበሉ፣ ፍቅሩ እኩል ሆኖ፣ ቃሉ ግን ሥጋ ዘመድ አለመሆኑን በየቀኑ ያስታውሰዋል። ሁለቱንም «እህቴ» ብሎ የሚያልፍ ሰብታይትል ያን ሁሉ ይውጣል።

መምህሩ ሺፉ ነው። እንግሊዝኛው «ማስተር» ይለዋል፤ ይህ ቃል ጌታም ባለ ሙያም ይሆናል፣ አያሞቅም አያበርድም። በአማርኛ ትክክለኛው ቃል የኔታ ነው። ሺፉ ሲጻፍ ሁለተኛው ፊደል «አባት» ማለት ነው፣ ቻይናዎቹም «ለአንድ ቀን ያስተማረህ ለዕድሜ ልክ አባትህ ነው» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ኋ ቺያንጉ» የተባለው ድራማ ያን ያህል ያስለቀሰው ለዚህ ነው፤ ተማሪዋ የወደደችው ሺፉዋን ነው። በእንግሊዝኛ ሲታይ ሁለት ቆንጆ ሰዎች ለምን እንደማይጋቡ ግራ ይገባል። «የኔታን ወደደች» ብላችሁ አንብቡት እስቲ። ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«እኔ» የሚለውም ቃል አንድ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሱን «ጀን» ይላል፤ ድሮ ማንም ይጠቀምበት የነበረ ቃል ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ቻይናን አንድ ያደረገው ቺን ሺ ኋንግ ለንጉሠ ነገሥት ብቻ ከለለው። በሰማይ ያለ ኃያል ደግሞ «ቤንዙዎ» ይላል፣ ቃል በቃል «ይህ ወንበር»። ተራው ቃል «ዎ» ነው። ስለዚህ ስንት ክፍል ሙሉ ጀን ሲል የኖረ ሰው፣ በር ተዘግቶ ከሚወዳት ሴት ፊት «ዎ» ሲል ዘውዱን አወለቀ ማለት ነው። ጆሮን ለዚህች አንዲት ፊደል መክፈት ቻይንኛ መማርን አይጠይቅም።

አንዳንዱን ቃል ደግሞ እኛው ነን የምናበላሸው። «ሞ» እና «ያው» ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው። ሞ ወደ ጨለማው ያዘነበለ ወይም ከዚያ ወገን የተወለደ ነው። ያው ግን ቀበሮ፣ እባብ ወይም ዛፍ ሆኖ ለብዙ ዘመን ተግቶ የሰው መልክ ያገኘ ነው፤ ክፉም ደግም ይሆናል። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም «ዲመን» ይላቸዋል፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚያዞረው ሰው ደግሞ «ሰይጣን»። ምስኪኗ የቀበሮ ልጅ ያለ ኃጢአቷ ሰይጣን ሆና ቀረች። ያው ብሎ መተው ይሻል ነበር፣ ምንም እንኳ «ያው መጣ» ሲባል «ያው ምኑ?» የሚያሰኝ ቢሆን።

«ካልቲቬሽን» የሚሉትም፣ ከሰው በላይ ኃይል የሚገኝበት ልምምድ፣ እንዲሁ ነው። ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ ካመጡት እርሻ ይሆናል። ተጋድሎ ወይም ትጋት ቢባል ይቀርባል፤ በገዳም ታሪካችን ከንጽሐ ሥጋ ወደ ንጽሐ ነፍስ፣ ከዚያም ወደ ንጽሐ ልቡና የሚወጣበት መዓርግ እንዳለ ሁሉ እዚህም ደረጃ አለ። ልዩነቱ የቻይናው ከሰውነት ውስጥ ይሠራል፦ እስትንፋስን ማጥራት፣ መሠረት መጣል፣ ቀጥሎ ከእምብርት በታች «ጂንዳን» የሚባል የወርቅ እንክብል መፍጠር። ያን ያጣ ሰው ሰይፉን ማዘዝ ያቅተዋል። በ«ቸን ቺንግ ሊንግ» ትልቁ ምሥጢር ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዝም እላለሁ።

ሰዓት ላይ ግን እኛ እንቀድማለን። ቀንና ሌሊቱ በ12 «ሺቸን» ይከፈላል፣ አንዱ ሁለት ሰዓት ነው። «ዙ» የሚባለው ሺቸን ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት፣ «ዉ» የሚባለው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት። የሞት ፍርደኛ አንገት የሚቀላው በዉ ነው፤ «ፈረስ ሰድዶ ይደርስለት ይሆን?» የሚያሰኘው ትዕይንት ሁሉ እዚያ ላይ ይወድቃል። «አንድ ዕጣን እስኪነድ» ሲሉ ግማሽ ሰዓት ገደማ ብሎ መያዝ ነው።

የሰማዩ ሰዓት ሌላ ነው፦ የሰማይ አንድ ቀን የምድር አንድ ዓመት። ስለዚህ ለፈተና ወደ ምድር ወርዶ፣ ትዝታው ተሰርዞ፣ አግብቶና ወልዶ በ60 ዓመቱ የሞተ አምላክ ላይ በሰማይ ያለፈው ሁለት ወር ብቻ ነው። በድራማው መሐል ልብስና ስም ድንገት ቢቀየር፣ የተሳሳተ ክፍል አልተከፈተም፤ ሰውዬው ፈተና ላይ ነው። ዕድሜውም በዚሁ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ባለ 58 ክፍል ድራማ፣ በእንግሊዝኛ «ኢተርናል ላቭ»፣ ሴቲቱን 140 ሺህ ዓመት፣ ልዑሉን 50 ሺህ ዓመት ያደርጋቸዋል። ሕዝቧ «ጉጉ» ይላታል፣ አክስቴ ማለት ነው።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ የቻይና ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ድራማ ከ40 ክፍል እንዳይበልጥ አሳስቦ ነበር። ድሮ 58 እና 63 ክፍል የነበረው ከዚያ ወዲህ ወደ 36 እና 40 ወረደ። ጠቀሜታው መሐል ላይ የሚንዛዛው ማጠሩ ነው፤ ጉዳቱ መጨረሻው መጣደፉ። ለእኔ መሐሉ ቢንዛዛ ይሻለኛል።

ከንፈርና ድምፅ አለመገጣጠሙ የኢንተርኔቱ ችግር አይደለም። ተዋናዩ ሌላ፣ የድምፅ ባለሙያው ሌላ ነው፤ የቀረጻ ቦታው ጫጫታና የተዋንያኑ ዘዬ አንዱ ምክንያት ነው። የላን ጃንና የዌይ ዪንግ ድምፅም የሌሎች ሰዎች ነው።

ሰብታይትል መምረጥ የሚችል ሰው ሺጂዬን ሺጂዬ፣ ሺፉን ሺፉ ብሎ የሚተወውን ይምረጥ፤ ቪኪ በተባለው የድራማ ድረ ገጽ ላይ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። እሱ ካልተገኘ ዓይን ከሥር፣ ጆሮ ከላይ። በ«ቸን ቺንግ ሊንግ» 50ኛው ክፍል ላይ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ ሰውዬው ከፍ ካለ ሣራማ ቦታ ላይ ብቻውን ቆሞ ዋሽንቱን ይነፋል። ከኋላው አንድ ድምፅ ይመጣል። ሰብታይትሉ ሁለት ቃል ይጽፋል፣ እነዚህን ግን መዋጥ አይችልም፦ «ዌይ ዪንግ።» ዞሮ ፈገግ ይላል።