የሞሪስ ቻንግ ሁለተኛ ስደት

በቺፕ (የስልክና የኮምፒውተር አእምሮ የሆነች ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ፋብሪካ የምንሠራ የዳላስ ሀበሾች ወሬያችን አገር መግባት ላይ ሲደርስ ቲኤስኤምሲ የሚባለውን የታይዋን ቺፕ አምራች ኩባንያ የመሠረተው የሞሪስ ቻንግ ስም ሳይነሳ አይቀርም። «አሜሪካ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ አገሩ ገብቶ ዓለምን ያስከነዳ ፋብሪካ ከፈተ» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውዬው አገሩ አልገባም። በ54 ዓመቱ እንደገና ነው የተሰደደው።

የተወለደው በ1931 ቻይና፣ ኒንግቦ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ልጅነቱ ከጦርነት በመሸሽ አለቀ። ሆንግ ኮንግ፣ ቾንግቺንግ፣ ሻንጋይ፣ እንደገና ሆንግ ኮንግ። በ1949 አሜሪካ መጥቶ ሃርቫርድ ገባ፤ በዓመቱ ወደ ኤምአይቲ ተዛወረ። ለምን ኢንጂነሪንግ? በዚያ ዘመን እዚህ አገር ለቻይናዊ ክፍት የነበረው ልብስ እጥበት፣ ምግብ ቤት፣ ከተማረም መምህርነትና ኢንጂነርነት ብቻ እንደነበር እሱ ራሱ ተናግሯል። ይህን ሳነብ የኛ ፓርኪንግና ታክሲ ትዝ አለኝ። እኔም የኤሌክትሪካል ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬ መኪና ማቆሚያ ላይ ቲኬት ስቆርጥ አድር ነበር።

ቻንግ ለዶክትሬት የሚያበቃውን ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሥራ ፈለገ። ፎርድ በወር 479 ዶላር አለው፣ ሲልቫኒያ የሚባል ኩባንያ 480። ፎርድን ትንሽ ጨምሩልኝ ቢል አሻፈረኝ አሉ። ሲልቫኒያ ገባ። ትራንዚስተርን (የኤሌክትሪክ ጅረትን የሚቆጣጠረውን ትንሽ ዕቃ) የተማረው እዚያ ነው፤ ቀን እየሠራ፣ ማታ መጽሐፍ እያገላበጠ።

ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ግን የ1958ቱን ነው። እዚሁ ዳላስ፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ተቀጠረ። ለኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ትራንዚስተር የሚያመርት መስመር ሰጡት። ከመስመሩ የሚወጣው ዕቃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ብልሽት ነበር። ሙቀቱንና ግፊቱን እየቀያየረ፣ ውጤቱን እያየ ታገለው። በመጨረሻ ከመቶው ከ20 በላይ ደህና ሆኖ መውጣት ጀመረ። የአይቢኤም የራሱ መስመር እንኳ እዚያ አልደረሰም።

ሥራውን ለማያውቅ ከመቶ 20 ምንም ላይመስል ይችላል። እኔ ሌሊት ሌሊት ያንን ነጭ ቱታ ለብሼ ማሽን የምከታተል ቴክኒሺያን ነኝ። የጋዙ ግፊት ቅንጣት ከተዛባ ስንት ሳምንት የተለፋበት ዋፈር (ቺፖች የሚሠሩበት ስስ የሲሊከን ሰሌዳ) ይጣላል። ምክንያቱ ደግሞ በዓይን አይታይም። ማሽኑ ደህና ነው ይልሃል፣ ዋፈሩ ግን ተበላሽቷል። ስለዚህ ያ ወጣት ስደተኛ እዚያ መስመር ፊት ቆሞ ምን እንደተሰማው ይገባኛል። አለቆቹ ልብ ያሉት በዚህ ሥራ ነው። ደመወዙን እየከፈሉ ስታንፎርድ ላኩት፤ በ1964 ዶክትሬቱን ያዘ።

ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወጣና የኩባንያው የቺፕ ሥራ በሙሉ እጁ ገባ። በኋላ ግን ወደ ካልኩሌተርና ሰዓት ክፍል አዛወሩት። እዚያ አልቀናውም። ቀጥሎ የጥራትና የሥልጠና ኃላፊ አደረጉት፤ ማዕረግ እንጂ ሥልጣን የሌለው ወንበር። እንዲህ ዓይነቱን ገሸሽ መደረግ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። እኔም ሥራ ያስለመድኩት ልጅ አለቃዬ ሆኖ ሲመጣ እንኳን ደስ አለህ ብዬ ፈገግ ብያለሁ። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ግን እራት አልበላሁም። ቻንግ 25 ዓመት ሠርቶ በ1983 ለቀቀ።

በ1985 የታይዋን መንግሥት የኢንዱስትሪ ምርምር ተቋሙን እንዲመራለት ጠራው። ልብ በሉ፣ ታይዋን እትብቱ የተቀበረባት ምድር አይደለችም። ለሥራ ጎብኝቷታል እንጂ ኖሮባት አያውቅም። አሜሪካዊ ዜጋ ከሆነም ከ20 ዓመት በላይ አልፎታል። ብዙም ሳይቆይ የቺፕ ኩባንያ አቋቁምልን አሉት። አሰበ። ታይዋን ዲዛይን ላይ ደካማ ናት፣ ሽያጭ ላይም ደካማ ናት፤ ማምረት ላይ ግን ተስፋ አላት። አሜሪካ ደግሞ የራሳቸውን ድርጅት መክፈት እየፈለጉ የፋብሪካው ወጪ ያስፈራቸው የቺፕ ዲዛይነሮች ነበሩ። ሁለቱን አገናኛቸው። የራሱን ቺፕ የማይሸጥ፣ የሰው ዲዛይን ብቻ የሚያመርት ፋብሪካ! የአሜሪካው ቺፕ አምራች ኢንቴል ገንዘብ አላወጣም አለ። የቀድሞ ቤቱ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስም እንዲሁ። የሆላንዱ ፊሊፕስ ገባበት፣ ግማሽ ያህሉን መንግሥት ሸፈነ፣ በ1987 ቲኤስኤምሲ በታይዋኗ ሲንቹ ከተማ ተቋቋመ። ዛሬ የአፕልና የኤንቪዲያ ቺፖች የሚመረቱት እሱ ዘንድ ነው።

አገሩ ገባ የሚለው ወሬ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። ታይዋን የፈለገችው ፋብሪካ ወለል ላይ ያካበተውን እውቀት ነው። ያን ያካበተው ደግሞ በስደት፣ እዚህ እኛ ከተማ ነው።

በ2009 የኢኮኖሚ ቀውሱ ጊዜ ኩባንያው ሠራተኛ ቀንሶ ነበር። ቻንግ በ77 ዓመቱ ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ተመለሰና የተቀነሱትን ኑ ግቡ አላቸው። ከሥራ መቀነስ ምን እንደሆነ የቀመሰ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም አይልም። ጡረታ የወጣው በ2018፣ በ86 ዓመቱ ነው።

ቲኤስኤምሲ አሁን አሪዞና፣ ፊኒክስ ላይም ያመርታል። እዚህ ቴክሳስም የሌሎች ኩባንያዎች የቺፕ ፋብሪካዎች አሉ። ለብዙ የቴክኒሺያን ቦታ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ትምህርት ይበቃል። ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ፓርኪንግ ላይ የምታድሩ ልጆች ካላችሁ ጻፉልኝ። ሬዙሜያችሁን አብረን እናየዋለን፤ ኢንተርቪው ላይ ምን እንደሚጠየቅም የማውቀውን እነግራችኋለሁ።