በሩ ሲወርድ ወደ ላይ አላየሁም

አንድ የስልጠና አዳራሽ ለሁለት የሚከፍሉ ሦስት ተንሸራታች ፓኔሎች እንድንገጥም ታዘዝን። ሲዘጉ አዳራሹ ሁለት ክፍል ይሆናል። ሲከፈቱ ሦስቱም አንዱ ከአንዱ ኋላ እየገቡ ግድግዳው ጥግ ይሰበሰባሉ። ወለሉ ላይ ሀዲድ እንዳይኖር ስለተፈለገ ክብደቱ በሙሉ የሚንጠለጠለው ከላይ ነው። ከላይ ያለው ደግሞ የጂፕሰም ቦርድ ኮርኒስ ነበር።

ፓኔሎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ)፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል። ኤምዲኤፍ በሜትር ኩብ 750 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ አንዱ ፓኔል 34 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ 100 ኪሎ ያልፋሉ። ይህን ሒሳብ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ሠርቼዋለሁ።

ሀዲዱን ለማሰር ከቦርዱ ጀርባ ገብቶ ክንፉን የሚዘረጋ ፊሸር መረጥን። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ኪሎ በፊሸሮቹ ብዛት አባዛሁት። ከሚያስፈልገን ብዙ እጥፍ መጣ። ለፎርማኑ አሳየሁት፤ እሱም ተስማማ። ገጠምን። ፓኔሎቹ በአንድ ጣት ሲገፉ ይሄዱ ነበር። ከወለሉ እስከ ፓኔሉ ግርጌ ያለውን ክፍተት ለካሁ፤ 8 ሚሊ። አስረክበን ወጣን።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አዳራሹን የሚያጸዱት እናት አስጠሩኝ። "ልጄ፣ ይሄ ነገር መሬት ሊነካ ነው፤ መጥረጊያዬ አላልፍ አለ" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ለካሁ። ግድግዳው ጥግ ላይ ክፍተቱ 3 ሚሊ ቀርቷል። ፓኔሉን ተሸክሞ ሀዲዱ ላይ የሚንከባለለው ሮለር ላይ ከፍ ዝቅ የምታደርገው ብሎን አለች። በቁልፍ አዞርኳትና ወደ 8 ሚሊ መለስኩት። "አለቀ እትዬ" ብያቸው ሄድኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ጠሩኝ። እንደገና አዞርኩ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። የፊሸሩን ምርጫ አለማወቅ ልበለው። ግን 5 ሚሊ የወረደ በር ከየት ወረደ ብዬ አልጠየቅሁም። ፓኔሉ አልረዘመም። ወለሉ አልተነሳም። የቀረው ኮርኒሱ ብቻ ነው። መሰላል አውጥቼ ሀዲዱ ላይ ውሃ ልክ ባስቀምጥ ኖሮ በ1 ደቂቃ አየው ነበር። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ምልክቱን በቁልፍ አጠፋሁት።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሁለት ሠራተኞች አዳራሹን ሊያሰፉ ፓኔሎቹን ወደ ጥግ ገፏቸው። የመጨረሻው ፓኔል ማቆሚያውን ሲመታ ሀዲዱ በዚያ በኩል ቦርዱን ይዞ ተነቀለ። ፓኔሎቹ ተደራርበው አንድ ጠረጴዛ ላይ ወደቁ። ሠልጣኞቹ ምሳ ላይ ስለነበሩ ሰው አልተጎዳም። ጠረጴዛው ላይ ግን ክፍት ደብተርና መነጽር ነበር። መነጽሩ ተሰብሯል።

ፊሸሮቹን ከወለሉ ለቀምኳቸው። አንዱም አልተሰበረም። ክንፎቻቸው እንደተዘረጉ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ዙሪያ የተቦደሰ ጂፕሰም ተጣብቋል። የተሸነፈው ቦርዱ ነው። ፓኬቱን ፈልጌ እንደገና አነበብኩት። ያባዛሁት ቁጥር የግድግዳ ነበር። ግድግዳ ላይ ሸክሙ ፊሸሩን በቦርዱ ፊት ወደ ታች ይጫነዋል። ኮርኒስ ላይ ግን ቀጥታ ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ሌሊትም ቀንም ሳያርፍ። ክብደቱ ለሁሉም ፊሸሮች እኩል ይካፈላል ብዬ ማሰቤም ስህተት ነበር። ሦስቱ ፓኔሎች ጥግ ላይ ሲሰበሰቡ 100 ኪሎው በሙሉ 1 ሜትር ላይ ያርፋል። እዚያ ያሉት ፊሸሮች ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት ምንም አልተሸከሙም።

አብሮን የሚሠራ አንጋፋ አናጺ አለ፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። መጥቶ በቀዳዳው ወደ ውስጥ አየና፣ "ቦርድ ራሱን ችሎ ከተንጠለጠለ ይበቃዋል፤ ሌላ ምን ጫናችሁበት?" አለኝ። እውነቱን ነው። የኮርኒሱ ፕሮፋይሎች፣ ማለትም ቦርዱ የሚታሰርባቸው ቀጫጭን ብረቶች፣ እና ማንጠልጠያዎቹ የተሰሉት ለቦርዱ ክብደት ነው። 12.5 ሚሊ ቦርድ ራሱ በሜትር ካሬ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናል።

"ገጥመን ሞክረነው ይዞ ነበር" ማለት ምን ያህል እንደሚያታልል የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ቦስተን አንድ የመኪና ዋሻ ውስጥ ከባድ የኮንክሪት የኮርኒስ ፓኔሎች ወድቀው አንዲት ሴት ሞታለች። ማንጠልጠያዎቹን ከጣሪያው ኮንክሪት ጋር የያዘው ኢፖክሲ ማጣበቂያ ነበር። ምርመራው እንዳሳየው፣ ማጣበቂያው ለአጭር ጊዜ ሲጎተት ይይዛል፤ ሸክሙ ሳይነሳለት ሲቆይ ግን ቀስ እያለ ይሳባል። ሳነበው ያቺ 5 ሚሊ ትዝ አለችኝ።

ጥገናውን በራሴ ጥያቄ እኔው ሠራሁት። ቦርዱን በሀዲዱ ልክ ቆርጠን ከፈትን። ከላይ ያለው ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ጣሪያው፣ በብሎኬት የተሞላ ዓይነት ነው። ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ብሎን አይይዝም፤ መያዝ ያለበት በመሃል ያለው የኮንክሪት ጎድን ነው። ትራፓኖው ድንገት ወደ ውስጥ ጥልቅ ካለ ብሎኬት ነው፤ ያንን ቀዳዳ ትተን ሌላ ፈለግን። ጎድኑ ላይ ሲጠብቅ ቀዳዳው ውስጥ የሚወጠር የብረት ብሎን አስገባን። ከዚያ ሙሉ ጥርስ ያላቸው ዘንጎች አወረድን፤ በዳዶና በሮንዴላ አራት ማዕዘን ብረት አንጠለጠልንባቸው። ፓኔሎቹ የሚሰበሰቡበት ጥግ ላይ ዘንጎቹን አቀራረብናቸው። ብረቱ ፓኔል ሲገፋ እንዳይወዛወዝ በሰያፍ ወደ ሶሌታው ድጋፍ ሰጠነው። ሀዲዱ አሁን በቦርዱ አልፎ የታሰረው ብረቱ ላይ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ጂፕሰሙን እንዳይፈጨው በየብሎኑ ላይ ቁርጥራጭ ቱቦ አልብሰናል። ቦርዱ መሸፈኛ ብቻ ሆነ።

ፓኔሎቹን ከመስቀላችን በፊት በሚዛን የተለካ የአሸዋ ከረጢት ጥግ ላይ አንጠልጥለን አሳደርን፤ ከፓኔሎቹ ክብደት እጥፍ። ጠዋት ለካሁ። ልዩነት የለም።

ክፍተቱን በፓኔሉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት፤ ከጎኑ ቀኑን። ለእናቲቱም ከ8 ሚሊ እንጨት ቆርጬ ሰጠኋቸው። ሲጠርጉ ከፓኔሉ ግርጌ ያስገቡታል። አላልፍ ካለ በሩን ማንም ሳይነካው እንዲደውሉልኝ ተስማምተናል። ባለፈው ወር በዚያ ሳልፍ ገብቼ ጠየቅኋቸው። ከጋዋናቸው ኪስ አውጥተው አሳዩኝ፤ "ያልፋል" አሉኝ።