አዲሱ መነጽሬና ንዑስ አንጎሌ

አዲስ መነጽር ያደረግሁ ሰሞን ጭንቅላቴን ባዞርሁ ቁጥር ወለሉ አብሮኝ የሚንሸራተት ይመስለኝ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ሳላውቀው ተወኝ። መነጽሩ ያው ነው፤ ልኩን ያስተካከለው ንዑስ አንጎሌ ነው። ጭንቅላት ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይን በዚያው መጠን ወደ ግራ ስለሚዞር የምናየው ነገር ባለበት ይረጋል፤ ምስሉን የሚያጎላ ወይም የሚያሳንስ መስታወት ሲጨመር ግን የቀድሞው መጠን ስለማይገጥም፣ ፍሎኩለስ የምትባል የንዑስ አንጎል ትንሽ ክፍል ስሕተቱን ተከትላ መጠኑን ታርመዋለች።

ንዑስ አንጎል፣ በሌላ ስሙ ሴሬቤለም፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ከአንጎል ግንድ ጀርባ ይገኛል። ከመላው አንጎል ክብደት 10 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ቆጠራ ከ86 ቢሊዮን ነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮን ያህሉን ያገኘው እዚሁ ነው። አብዛኞቹ ጥቃቅኖቹ ግራኑል ሴሎች ናቸው። እኔን የሚደንቀኝ ግን የቼክ ተወላጁ ሳይንቲስት ያን ፑርኪንዬ እ.ኤ.አ. በ1837 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ትልቁ ሴል ነው፤ ቅርንጫፎቹ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ሐረግ በአንድ ገጽ ተዘርግተው ከ100,000 በላይ ቀጫጭን ክሮች መልእክት ሲቀበሉ፣ ከአንጎል ግንድ የሚመጣ አንድ ብቸኛ ክር ደግሞ ተጠምጥሞባቸው፣ ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያምኑት፣ «ተሳስተሃል» የሚለውን ወሬ ያደርሳል። ሴሉ ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ተው»። ሥራው ማገድ ነውና።

ንዑስ አንጎል እንቅስቃሴን አያመነጭም፤ ያርማል እንጂ። ስለዚህም ሲጎዳ ሰው ሽባ አይሆንም። ሐኪም በሽተኛውን አፍንጫህን ንካ፣ ከዚያ ጣቴን ንካ ሲለው፣ እጁ በጉልበት ሳይጎድል ይነሣል፣ ወደ ዒላማው በቀረበ መጠን ግን ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ አልፎት ይሄዳል ወይም ጉንጩን ይነካል። ያው እጅ ጭኑ ላይ ሲያርፍ ጸጥ ይላል፤ የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ግን በዕረፍት ጊዜ ነው የሚብሰው። ዐቢይ አንጎል ተቃራኒውን ጎን ሲያዝ ንዑስ አንጎል የራሱን ጎን ስለሚመራ፣ ቀኝ እጅ ከሳተ ጉዳቱ የሚፈለገው በቀኝ በኩል ነው።

አታክሲያ የሚባለው ይህ የቅንጅት መጥፋት በዘር ሊተላለፍ፣ በዕጢ ወይም በቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊመጣ ይችላል። ታማሚው እግሩን አራርቆ እየተንገዳገደ ይራመዳል፣ ንግግሩም ይቆራረጣል፤ በዚህ ምክንያት ሰክሯል ተብሎ መታማቱ ከበሽታው ያላነሰ ያሳዝነኛል። ሐሜቱ ግን ያለ መነሻ አይደለም፤ አልኮል ራሱ የሚያውከው ይህንኑ የአንጎል ክፍል ነው።

በጣም የሚያታልለው የንዑስ አንጎል ስትሮክ ነው። ድንገት ማዞርና ማስመለስ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የጆሮ ሕመም ይመስላል፤ እግሩ ብርታት እያለው ያለ ድጋፍ መቆም ወይም ቀጥ ብሎ መቀመጥ ያቃተው ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት። ቦታው ጠባብ ነውና፣ የተጎዳው ክፍል በቀጣዮቹ ቀናት አብጦ የአንጎልን ፈሳሽ መውረጃ ሊዘጋና የአንጎል ግንድን ሊጫን ይችላል።