ማመልከቻችሁ ቁጥር ሳያገኝ ኤግዚቢሽን አትግቡ

ፓተንት፣ ማለትም ለፈጠራ ሥራ የሚሰጠውን የመብት ጥበቃ፣ ለማውጣት የምታስቡ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ይህን ስሙኝ። ማመልከቻችሁ አዲስ አበባ፣ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ገብቶ፣ ቀንና ቁጥር ተጽፎበት ቅጂው በእጃችሁ ሳይገባ ሥራችሁን ለማንም አታሳዩ። ለቢሮ ኃላፊ አታሳዩ። ኤግዚቢሽን ላይ አታቁሙት። ለጋዜጠኛም አትንገሩ። ለእኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የመከሩኝ ሁሉ የመከሩኝ ተቃራኒውን ነው።

ዳንግላ አካባቢ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ቤተሰቦቼ ገበሬዎች ናቸው። የምዕራብ ጎጃምንና የአዊን መሬት የሚያርስ ሰው ችግሩን አሳምሮ ያውቀዋል፤ አፈሩ አሲድ ሆኗል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ይከፋል) ከ5.5 እየወረደ ሲሄድ በአፈሩ ውስጥ ተይዞ የኖረው አልሙኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል። ፎስፈረሱም ስለሚታሰር ማዳበሪያ ብትጨምሩበት ተክሉ አያገኘውም። ትናንት ገብስ የሚታጨድበት ማሳ ዛሬ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተተክሎበት ከሰል የሚከሰልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ደጀንና የአባይ በረሃ ሞልቶታል። ችግሩ ዱቄት መሆኑ ነው። ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል፣ 30 ኩንታል፣ አሲዱ ከከፋም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ገበሬው በአህያ ጭኖ ማሳው ላይ ሲበትነው ግማሹ ፊቱ ላይ፣ ግማሹ ጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ይተወዋል።

እኔ ዱቄቱን እንክብል አደረግሁት። ማጣበቂያው ለገበያ የማይሆን ትንንሽና የተቆራረጠ ድንች ነው። አዊ ድንች አያጣም። ስታርቹ ውኃ ውስጥ ሲሞቅ፣ 60 እና 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ይወፍርና እንደ ሙጫ ይሆናል። ያንን አቅጥኖ ኖራው ላይ እየረጩ በርሜል ውስጥ ማንከባለል ነው። ሲደርቅ እንክብሉ እጅ ላይ አይፈርስም። እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገባ ግን ይበተናል። ነፋስ አይወስደውም። በመስመር፣ ከዘሩ ጎን ማስቀመጥ ይቻላል። በርሜሉን እኔው ብየዳ ቤት ቆሜ አሠራሁት፤ ውስጡ የሚጣበቀውን ኖራ እየላጠ የሚመልስ ምላጭ አለው። በዚህ ሥራ እኮራለሁ። አጎቴ በቆሎውን ሲዘራ አሁን የሚጠቀመው እሱን ነው።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ረጅም አይደለም፤ ሥልጠና ከመግባታችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። ሦስት በር አለው። አንደኛው ፓተንት ነው። ለ15 ዓመት ይሰጣል፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ግን ነገሩ በዓለም ላይ አዲስ መሆን አለበት፤ ለሙያው ሰውም በቀላሉ የሚደረስበት መሆን የለበትም። ሁለተኛው የአስገቢ ፓተንት ነው። ውጭ አገር ተጠብቆ ያለን ፈጠራ እዚህ አምጥቶ ለሚሠራ ሰው ቢበዛ ለ10 ዓመት ይሰጣል። ሦስተኛው ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ነው። ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። እዚህኛው ላይ አዲስነቱ የሚለካው በኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

አሠልጣኞች "ፓተንት፣ ፓተንት" ይላሉ። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ነው። የእኔ ምክር ሌላ ነው። እንደ እኛ በብየዳ ቤትና በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ የምትሠሩ ከሆነ ቀጥታ የግልጋሎት ሞዴሉን ያዙ። እንክብል ኖራ ውጭ አገር ድሮ የታወቀ ነገር ነው። በዓለም አዲስ ነው ብዬ ብከራከር ዓመታት አቃጥዬ ባዶ እጄን እመለስ ነበር። እዚህ አገር ግን በድንች ስታርች፣ በዚህ ዓይነት በርሜል የሠራው አልነበረም።

ሰነዱ ራሱ አያስፈራም። ቅጽ ይሞላል። መግለጫ ይጻፋል። የይገባኛል ጥያቄው (ጥበቃ የምትጠይቁበትን ነጥብ የሚዘረዝረው)፣ ሥዕሉና አጭር ማጠቃለያው ይያያዛል። ክፍያ ይከፈላል። መግለጫውን ለተማሪ እንደማስረዳ አድርጌ ጻፍሁት። ሥዕሉን የቴክኒክ ኮሌጅ ጓደኛዬ ሣለልኝ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የት እንዳለም አልናገርም። ፈጠራን ይደግፋል ስለተባለ ሄድሁ። የቡድን መሪው በጥሩ ፊት ተቀበለኝ፤ ቡናም አስመጣልኝ። "መምህር፣ እርስዎ አዲስ አበባ ድረስ ምን ያንከራትትዎታል? ሰነዱን ለእኛ ይስጡን። የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈን እኛው እንልከዋለን። ያለ ድጋፍ ደብዳቤ እንኳን አይቀበሉዎትም" አለኝ። ሙሉውን ሰነድ ሰጠሁት። አደራ አልሁት። "ምን ችግር አለ!" አለኝ።

ልብ በሉ። አዋጁ ላይ የድጋፍ ደብዳቤ የሚል ነገር የለም። ፈጣሪው ራሱ ሰነዱን ይዞ ሄዶ ማመልከት ይችላል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ እሱ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ይህን ሊያውቅ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የፈጠራ ሥራዎች ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። በርሜሉን ይዤ እንድመጣ ተጠራሁ። ክዳኑን ዘግቼ ከውጭ ብቻ አሳያለሁ አልሁ፤ ተስማሙ። እንክብሉን በሳህን አስቀመጥሁ። ከምን እንደተሠራ ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ኖራ ነው" ብቻ እያልሁ ዋልሁ። ሙያ በልብ ነው ብለው ያሳደጉኝ ሰው ነኝ።

ከሰዓት በኋላ የኤግዚቢሽኑ መጽሔት ታድሎ እጄ ገባ። ገጹን ስገልጥ የበርሜሉ ፎቶ አለ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ የእኔ መግለጫ ነው። ቃል በቃል። የድንቹ ስታርች፣ የሙቀቱ ልክ፣ የኖራውና የማጣበቂያው ምጣኔ፣ የማድረቂያው ጊዜ፣ ሁሉም ተጽፏል። እንዲልኩልኝ የሰጠኋቸውን ሰነድ አትመው አደሉት። ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም። የቡድን መሪውን ፈልጌ ሳናግረው ፈገግ ብሎ "መምህር፣ ማስታወቂያ እኮ ነው የሠራንልዎት" አለኝ። ዛሬም ይህን ስጽፍ ደሜ ይፈላል።

እዚህ ላይ ሕጉ መውጫ ቀዳዳ አለው። ከማመልከቻው በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ አመልካቹ ራሱ ያወጣው፣ ወይም ሌላ ሰው አላግባብ ያወጣበት መረጃ፣ የፈጠራውን አዲስነት አያጠፋበትም። ዋናው ነገር ሰዓቱ ሳያልፍ ማመልከት ነው። እኔ ደግሞ ማመልከቻው ተልኳል ብዬ ተቀምጫለሁ። በስልክ ስጠይቅ "በሂደት ላይ ነው" ይሉኛል። በአካል ስሄድ "ከአዲስ አበባ መልስ እየጠበቅን ነው" ይሉኛል። ክረምቱ ወጣ። መኸር ተሰበሰበ። ሌላ ክረምት መጣ። በመጨረሻ ራሴ ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ደውዬ በስሜ የገባ ማመልከቻ እንዳለ ጠየቅሁ። የለም አሉኝ።

መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። ሰነዴ መደርደሪያ ላይ፣ ባዘጋጀሁት ፖስታ ውስጥ፣ እንዳለ ተቀምጧል። ደብዳቤው ተጽፏል፤ ፊርማ ብቻ ይቀረዋል። "ኃላፊው ተዛውሯል። አዲሱ ይመደብና ይፈርማል" አሉኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተዛወረ ኃላፊ ፊርማ ነው የተጠበቀው። ፖስታውን አንስቼ ወጣሁ። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። የቡድን መሪው ስብሰባ ላይ ነበር።

አባይን ተሻግሬ ራሴ አስገባሁት። ባለሙያው በትዕግሥት አዳመጠኝ። የታተመ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ፤ መጽሔቱን አውጥቼ ሰጠሁት። አሥራ ሁለቱ ወር አልፏል። መጽሔቱ በኢትዮጵያ ውስጥ ታትሞ የተሠራጨ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የድንቹ ስታርችና የኖራው ቅልቅል፣ ማለትም ዋናው ሐሳቤ፣ ከጥበቃው ወጣ። የተረፈኝ መጽሔቱ ያላወጣው ብቻ ነው፤ የበርሜሉ ምላጭና ርጭቱ ከመሽከርከሩ ጋር የሚሄድበት ቅደም ተከተል። ክዳኑን ዘግቼ ስለቆምሁ ብቻ ነው የተረፈው። ለዚያ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አገኘሁ። ግድግዳዬ ላይ አለ። ደስ ይለኛል። ግን ባየሁት ቁጥር የጎደለውን አየዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ኒኮላ ለብላን ደጋግሜ አስባለሁ። ፈረንሳዊ ነው። ከጨው፣ ከሰልፈሪክ አሲድ፣ ከኖራ ድንጋይና ከከሰል ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆነው ሶዳ የሚሠራበትን ዘዴ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1791 የ15 ዓመት ፓተንት ተሰጠው። ገንዘብ ያወጣለት የኦርሌያን መስፍን በአብዮቱ ጊዜ በ1793 አንገቱ ተቀላ፣ ፋብሪካው ተወረሰ። በ1794 የአብዮቱ መንግሥት የሶዳ አሠራር ያለው ሁሉ ለአገር ይፋ ያድርግ አለ፤ የለብላን ዘዴም ታትሞ ወጣ። ፋብሪካው በኋላ ቢመለስለትም ማንቀሳቀሻ ገንዘብ አላገኘም። በ1806 ራሱን አጠፋ። በእሱ ዘዴ ግን ሌሎች ለአሥርተ ዓመታት ሶዳ እያመረቱ ከበሩ። ትምህርት ቤት የለብላንን ዘዴ ሳስተምር ቀመሩን ብቻ ነበር የማስተምረው። አሁን ታሪኩንም አስተምራለሁ።

ሌላው ምክሬ ደብተር ነው። ቻርልስ ማርቲን ሆል አሜሪካዊ ነው፣ ፖል ኤሩ ፈረንሳዊ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1886 አልሙኒየምን በኤሌክትሪክ የማውጣት ዘዴ ላይ ሳይተዋወቁ ደረሱ። ኤሩ በሚያዝያ ፈረንሳይ ውስጥ አመለከተ። ሆል አሜሪካ ውስጥ ያመለከተው በሐምሌ ነው። ሆል በአገሩ ክርክሩን የረታው ሥራው በየካቲት መሳካቱን ስላስረዳ ነው፤ እህቱ ጁሊያም መስክራለታለች። በእኛ ሕግ ሁለት ሰዎች ለየብቻ አንድ ፈጠራ ላይ ቢደርሱ መብቱ ቀድሞ ያመለከተው ነው። ቢሆንም ደብተር ያዙ። ሐሳባችሁን ሰው ሲያወጣባችሁ ማን ከማን እንደወሰደ የምታስረዱት በእሱ ነው። ቀን ጻፉ፣ ምስክር አስፈርሙ።

ሥዕሉንም አትናቁ። ጃክ ኪልቢ ለኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ያመለከተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1959 ነው፤ ሮበርት ኖይስ በሐምሌ። ፓተንቱ ቀድሞ የተሰጠው ግን ለኖይስ ነው፣ በ1961። ኪልቢ እስከ 1964 ጠበቀ። የኪልቢ ሥዕል ክፍሎቹን የሚያገናኙ ቀጫጭን የወርቅ ሽቦዎች በአየር ላይ ታጥፈው ያሳይ ነበር። የኖይስ ግንኙነት ቺፑ ላይ የተለጠፈ ነው። በኋላ በተደረገው ክርክር ይህ ለኪልቢ አልበጀውም። እኔም የመጀመሪያው ሥዕሌ ላይ ምላጩ ቀጥ ብሎ ነበር የተሣለው፤ የሠራሁት ግን ጎባጣ ነው። ጓደኛዬን እንደገና አሣልሁት። ሥዕላችሁ በእጃችሁ ያለውን ዕቃ ይምሰል።

ሰፈር ውስጥ ነገሩ ሲሰማ አንድ አዛውንት "ልጄ፣ ጤፋችንን እንደወሰዱት ኖራችንን ልትወስድ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ የፈጠራ እርምጃ የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። ኖራው የማንም እንዳልሆነ፣ የእኔ በርሜሉ ውስጥ ያለው ምላጭ ብቻ እንደሆነ ነገርኋቸው። "እንዲያ ከሆነ ይሁን" አሉኝ።

አሁን ሁለተኛ ሥራ ጀምሬያለሁ። እሱ ቁጥሩን ሳይይዝ ከቤቴ አይወጣም። የመጀመሪያው ሰርተፊኬት ሲታደስ ሥራ ላይ መዋሉን ስለሚጠይቁኝ የእያንዳንዱን ሽያጭ ደረሰኝ እያስቀመጥሁ ነው።

ቅልቅሉ ደግሞ እንግዲህ የሕዝብ ሆኗል፤ ተጠቀሙበት። ድንቹን ፈቅፍቃችሁ በውኃ አጥባችሁ አጥልሉ፤ ከታች የሚዘቅጠው ነጩ ስታርች ነው። በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ አሙቁት፤ ሲወፍር አውርዱና አቅጥኑት። ኖራው ላይ በአንዴ አታፍስሱ፤ ጭቃ ይሆናል። በትንሽ በትንሹ እየረጫችሁ አንከባልሉት። ጥላ ላይ ሳይሆን ፀሐይ ላይ አድርቁት። ከደረቀ በኋላ አንዱን እንክብል በሁለት ጣት ተጫኑት፤ መፍረስ የለበትም። ሌላውን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉት፤ ሳይበተን ከቆየ ስታርቹ በዝቷልና ቀንሱ።