«ለምን ለቀቅህ?»

በስደት ሥራ ስፈልግ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ያስቸገረኝ «የቀድሞ ሥራህን ለምን ለቀቅህ?» የሚለው ነው። የምመልሰው ጠፍቶኝ አልነበረም፤ የምናገረው ስለ በዛብኝ እንጂ።

በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሁለት ዓመት ያህል በሌሊት ፈረቃ ከሠራሁ በኋላ የወጣሁት ከተቆጣጣሪዬ ጋር ተጋጭቼ ነበር። ፈረቃዬን ሳይነግረኝ ይለዋውጥብኛል፤ ስቃወምም ይቆጣኛል። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል መልቀቂያዬን ጽፌ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን እንኳ ሳልጠብቅ ወጣሁ። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ይህን ሁሉ ከሥር መሠረቱ ተረክሁት። ጠያቂዋ መጀመሪያ ላይ ስትጽፍ ቆይታ መካከል ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ እኔም ያዘነችልኝ መስሎኝ ይበልጥ አብራራሁ። ከዚያ ወዲያ አልደወሉልኝም። ዛሬ ሳስበው አልፈርድባትም፤ የአንድን ወገን አቤቱታ ብቻ የሰማ ሰው ማን ትክክል እንደ ነበር የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚታየው ነገ እርሱንም እንዲሁ ሊያማ የሚችል ሠራተኛ ነው።

በሁለተኛው ላይ ደግሞ «በግል ምክንያት» ብዬ ዝም አልሁ። ይባስ ብዬ፣ ያለ ሥራ የቆየሁባቸውን 4 ወራት ለመሸፈን፣ በማመልከቻው ቅጽ ላይ የለቀቅሁበትን ወር ወደ ፊት ገፋ አድርጌ ሞላሁ። ብዙ ቀጣሪዎች ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤት ሲደውሉ ከሁሉ አስቀድመው የሚያጣሩት የሥራ መደብንና የመግቢያና የመውጫ ቀንን መሆኑን አላውቅም ነበር፤ በዚያው በዋሸሁበት ነጥብ ተያዝሁ። ሥራ ፈልጎ 4 ወር መቆየት የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ ያሳፈረኝ የሞላሁት ቅጽ ነው። ተቀጥሬ ከቆየሁ በኋላ ቢደረስበት ኖሮ ደግሞ ለመሰናበት በቂ ምክንያት ይሆን ነበር።

በሰው ኃይል ክፍል የሠራች አንዲት ወዳጄ ታሪኬን ከሰማች በኋላ «የጠየቁህ ከሥራው ለምን እንደ ወጣህ እንጂ ከሰውየው ለምን እንደ ተጣላህ አይደለም» አለችኝ። ቃላቱንም አረመችልኝ። መልቀቅ፣ መቀነስና መባረር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ እኔ በባዕድ ቋንቋ አደባልቄያቸው፣ በገዛ ፈቃዴ ወጥቼ እንደ ተባረርሁ አድርጌ የተናገርሁበት ጊዜም ነበር።

ለሦስተኛው ቃለ መጠይቅ መልሴን አሳጥሬ ጻፍሁና ደጋግሜ አነበብሁት፦ «የፈረቃ ሰዓቴ ሳይነገረኝ ይቀያየር ስለ ነበር፣ ብንነጋገርም ስላልተስማማን ለቀቅሁ። ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ መውጣቴ ስሕተት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስፈልግ ቆይቻለሁ። እዚህ ያመለከትሁት የፈረቃ ሰሌዳው አስቀድሞ እንደሚወጣ በማስታወቂያው ላይ አንብቤ ነው።» ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ጠያቂው ግን በዚያ አላበቃም፤ «ለቀድሞው ተቆጣጣሪህ ብንደውል ምን ይለናል?» አለኝ። ይህን አልተዘጋጀሁበትም ነበር። ጥቂት አሰብሁና «ቀኑ ከጻፍሁት ጋር ይገጥማል፤ ሳልነግረው መውጣቴን ግን ሳያነሣ አይቀርም። ሥራዬን የምታውቀው በሌሊት አብራኝ የነበረችው ነርስ ናት፤ ፈቃዷን ጠይቄ ስልኳን ልሰጣችሁ እችላለሁ» አልሁት። እርሱም እስክሪብቶውን አንሥቶ ጻፈ።